በብሌንደር የሚሠራ የአትክልት ሾርባ፤ ለጎንደር ማእድ ቤት

የአትክልት ሾርባ ሻካራ ሲሆን ወይም ካሮቱ አልፈጭ ሲል ቀድሞ የሚወቀሰው መፍጫው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ድስቱ ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እሳቱን ብታበዙት ውሃው ቶሎ ተኖ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ለቆላ አገር የተጻፈ አሠራር «15 ደቂቃ ቀቅሉ» ካለ እዚህ 20 ደቂቃ፣ ካሮቱ ያረጀ ከሆነ ደግሞ 25 ደቂቃ ማለት ነው። ድስቱ ያላለሰለሰውን አትክልት ብሌንደር ይቆራርጠዋል እንጂ ልም አያደርገውም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር አብዛኛውን ትኩረት ለድስቱ የሰጠው ለዚህ ነው።

ምን ዓይነት መፍጫ?

ቤት ውስጥ ለጁስ የምትጠቀሙበት ተራ ብሌንደር ይበቃል። አትክልቱ በደንብ ከበሰለ 350 ዋት የሆነውም ይሠራል፤ ለሾርባ ብሎ ትልቅ መግዛት አያስፈልግም። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ።

የመጀመሪያው ጆጉ ነው። ብርጭቆ ከሆነ ሙቀት ይችላል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ትኩስ ነገር ሲገለበጥበት ግን ይሰነጠቃል። ፕላስቲክ ከሆነ የፈላ ሾርባ አይግባበት፤ ጆጉ ይደበዝዛል፣ ይጣመማል፣ ክዳኑም ከዚያ በኋላ አልገጥም ይላል። ሁለተኛው በምላጩ ሥር ያለው ጎሚኒ ነው። አውጥታችሁ በጣት እጠፉት። ከደረቀ ወይም ጠርዙ ከተሰነጠቀ ሾርባው ወደ ሞተሩ ይወርዳል፣ ስለዚህ መቀየር አለበት። ሦስተኛው ጆጉ ሞተሩ ላይ የሚቀመጥበት ጥርስ ነው። ጥርሱ ከተበላ ሞተሩ እየጮኸ ምላጩ አይዞርም፤ ሰው ይህን «ሞተሩ ደከመ» ብሎ ይተረጉመዋል፣ የሚቀየረው ግን ትንሿ ጥርስ ብቻ ናት።

ድስት ውስጥ ተነክሮ የሚፈጭ በእጅ የሚያዝ ብሌንደር ያላችሁ ደግሞ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ሾርባውን ከድስት ወደ ጆግ፣ ከጆግ ወደ ድስት ማመላለሱ ይቀርላችኋል። ጥልቀት ያለው ድስት ምረጡ፤ የመፍጫው አፍ ሙሉ በሙሉ ካልጠለቀ ትኩስ ሾርባ ፊት ላይ ይረጫል።

ለስድስት ሰው የሚበቃ መጠን

ካሮት ግማሽ ኪሎ (መካከለኛ 5 ወይም 6 ፍሬ)
ድንች 400 ግራም (መካከለኛ 3 ፍሬ)
ዝኩኒ 300 ግራም (2 ፍሬ)
ቀይ ሽንኩርት 2 ራስ
ባሮ ሽንኩርት 1
ቲማቲም 2፣ የበሰለ
ምስር ክክ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ
ነጭ ሽንኩርት 4 ፍንካች
ዝንጅብል የአውራ ጣት ጫፍ ያህል
ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ
ውሃ 1 ሊትር ተኩል፣ ለማቅጠኛ ደግሞ ግማሽ ሊትር ተጨማሪ
ጨው 2 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ (አንዴ የሚጨመር አይደለም)
ቁንዶ በርበሬ፣ ጦስኝ

ዘይቱን አትቀንሱ። ካሮትን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ማለት ነው፣ በውሃ አይሟሟም፤ በዘይት ይሟሟል። ዘይት የሌለበት የካሮት ሾርባ ሆድ ይሞላል፣ ከካሮቱ የሚገኘው ጥቅም ግን በከፊል ይቀራል። የኑግ ዘይት የምትወዱ ከሦስቱ ማንኪያ አንዱን ኑግ፣ ሁለቱን ሱፍ አድርጉት፤ ሦስቱም ኑግ ከሆነ ጠረኑ ካሮቱን ይውጠዋል።

ገበያ ላይ የሚታይ ነገር

ቅዳሜ ገበያም ሆነ አራዳ፣ ካሮት ስትገዙ ትልቁን አትምረጡ። ወፍራም ካሮት መሃሉ ላይ እንጨት የሚመስል ገመድ አለው፤ ግማሽ ሰዓት ተቀቅሎም አይላላም። አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ይሻላል። የግድ ትልቁን ከገዛችሁ ለአራት ሰንጥቃችሁ መሃሉን አውጡት።

ድንች ከዳባትና ከደባርቅ በኩል የሚወርደው ጥሩ ነው፤ ለሾርባ የሚፈለገው ሲቀቀል የሚፈረፈረው ዓይነት ነው። ብርሃን ላይ ቆይቶ ቆዳው አረንጓዴ የሆነውን ወይም ያጎነቆለውን አትውሰዱ፤ አረንጓዴው ሶላኒን የሚባል መርዝ እንደተጠራቀመበት ያሳያል፣ በመቀቀልም አይጠፋም። ቤት ካለው ድንች ላይ ትንሽ አረንጓዴ ካያችሁ በጥልቀት ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ከበዛ ሙሉውን።

ዝኩኒውን ከመጨመራችሁ በፊት ጫፉን ትንሽ ቆርጣችሁ በምላስ ቅመሱት። ዝኩኒ መራራ መሆን የለበትም። አልፎ አልፎ መራራ የሆነ ይገኛል፤ ያ መራራነት ሆድ የሚያመጣና የሚያስታውክ መርዝ ነው፣ ቢቀቀልም አይለቅም። አንዱ መራራ ዝኩኒ ሙሉውን ድስት ያበላሻል፣ ስለዚህ ይጣል። ዱባም እንዲሁ ነው።

ጦስኝ የስሜን ደጋ የሚያበቅለው ደረቁ ይበቃል። ሲታሽ ጠረኑ ካልሸተተ አርጅቷልና ቢበዛም ጥቅም የለውም።

አከታተፍ

ካሮቱን ፍቃችሁ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ክብ ክተፉ። ድንቹን ደግሞ ተለቅ አድርጉት፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ካሮት ከድንች ይዘገያል። ሁለቱን እኩል ከትፎ አንድ ላይ መጨመር ድንቹ ሙክክ ሲል ካሮቱ ገና ጥሬ እንዲሆን ያደርጋል። ዝኩኒውን ሳትልጡ ሁለት ሴንቲ ሜትር ክተፉ። ባሮ ሽንኩርቱን በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ቅጠሉን ገልጣችሁ እጠቡ፤ አፈሩ የሚደበቀው ቅጠሎቹ መሃል ነው፣ ከላይ በማጠብ አይወጣም። ሾርባ ላይ ጥርስ ስር የሚንቋቋ አሸዋ ካጋጠመ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው። ነጩን ለማቁላላት፣ አረንጓዴውን ቅጠል ሳትከትፉ ለመረቁ አስቀምጡ።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ አስተጣጠቡ ላይ ቅደም ተከተል ይኑር፤ መጀመሪያ ቲማቲምና ዝኩኒ፣ ቀጥሎ ባሮ፣ መጨረሻ ላይ አፈር ያለባቸው ድንችና ካሮት በዚያው ውሃ ይታጠቡና በትንሽ ንጹሕ ውሃ ይለቅለቁ።

ድስቱ ላይ

1. ዘይቱን በመካከለኛ እሳት አሙቁና ቀይ ሽንኩርቱንና የባሮውን ነጭ ጨምሩ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሁን ይግባ፤ ሽንኩርቱ ውሃውን እንዲለቅና እንዳይቀላ ይረዳል። እጃችሁ ወጥ የለመደ ከሆነ ሽንኩርቱን እስኪቀላ ማቁላላት ያምራችኋል። እዚህ ግን አይቅላ። ክደኑት፣ እሳቱን ቀንሱት፣ በየሁለት ደቂቃው እያማሰላችሁ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ቆዩ። ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪመስል ብቻ ነው። የቀላ ሽንኩርት የሾርባውን ቀለም ያጠቁራል፣ ጣዕሙንም ወደ ወጥ ይወስደዋል።

2. ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምራችሁ አንድ ደቂቃ አማስሉ። ከዚያ በላይ አይቆይ። የተቃጠለ ነጭ ሽንኩርት ምሬቱ እስከ መጨረሻው ይከተላል፣ በምንም አይስተካከልም።

3. ካሮቱን ጨምሩና ዘይቱ እንዲዳረሰው አገላብጡት። ክዳኑን ገጥማችሁ 5 ደቂቃ በራሱ ላብ እንዲበስል ተዉት። ጣፋጭነቱ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ድስቱ ሥር መያዝ ከጀመረ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉ።

4. የታጠበውን ምስር ክክ፣ የፈላ ውሃ 1 ሊትር ተኩልና የባሮውን አረንጓዴ ቅጠል ጨምሩ። ውሃው ቀድሞ በማንቆርቆሪያ የፈላ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ድስቱ እንደገና እስኪፈላ ብዙ ደቂቃ ይባክናል። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱት፣ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። 15 ደቂቃ። ምስሩ አረፋ ስለሚያወጣ ክዳኑ ትንሽ ገርበብ ይበል፣ አለበለዚያ ይገነፍላል። ምስር ወደ ታች ስለሚዘቅጥ በየአምስት ደቂቃው የድስቱን ሥር በማማሰያ ዳብሱት።

5. ድንቹን ጨምሩ። ሌላ 15 ደቂቃ።

6. አሁን ዝኩኒውንና ተልጦ የተከተፈውን ቲማቲም ጨምሩ። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ቲማቲም እስካሁን የዘገየው ሆን ተብሎ ነው። ኮምጣጣነት ያለው ነገር ገና ያልበሰለ ካሮትና ምስር ላይ ከገባ መለስለሳቸውን ያዘገየዋል። ቲማቲም ከመጀመሪያው ገብቶበት አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀቅሎ ካሮቱ እንቢ ያለ ድስት ችግሩ ይኸው ነው። ሎሚም ለዚሁ ምክንያት መጨረሻ ላይ፣ ሳህን ላይ ይጨመቃል።

7. ፈትኑት። ከሁሉም ወፍራሙን የካሮት ክብ በጭልፋ አውጥታችሁ በማንኪያ ጀርባ ከድስቱ ግድግዳ ጋር ጫን አድርጉት። ያለ ምንም ጉልበት መፍረስ አለበት። ሹካ ስለገባለት ብቻ በስሏል አትበሉ። ሹካ የሚገባለት ካሮት ለሰላጣ በስሏል፣ ለመፍጫ ግን ገና ነው፤ ሲፈጭ እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ነገር የሚሆነው እሱ ነው። ካልፈረሰ ሌላ 5 ደቂቃ ጨምራችሁ ደግማችሁ ፈትኑ።

ከዚያ አውርዱት፣ የባሮውን ቅጠል አውጥታችሁ ጣሉ። ከሰል ላይ የምትሠሩ ከሆነ ምድጃውን አየር ወደሚገባበት ቦታ ወይም ወደ ውጭ አውጡት። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ አደገኛ ነው፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም የለውም።

ወደ መፍጫው

አትክልቱን ከመረቁ ለዩት። ወንፊት ወይም ቀዳዳ ጭልፋ በመጠቀም ጠጣሩን በሰፊ ሳህን ላይ አውጡት፣ መረቁ ድስቱ ውስጥ ይቅር። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ሳህን ላይ የተዘረጋ አትክልት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል፣ ሙሉ ድስት ግን ሰዓት ይፈጃል። ሁለተኛው ጥቅም ይበልጣል፤ ውፍረቱ በእጃችሁ ይሆናል። መረቁን በሙሉ አብሮ መፍጨት ሾርባው ከቀጠነ መመለሻ የለውም፣ ለይቶ መፍጨት ግን እየቀዱ እስኪወደድ ድረስ ማቅጠን ያስችላል።

ድንቹን በሹካ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ መፍጫ ውስጥ አይግባ። የበሰለ ድንች በፈጣን ምላጭ ሲመታ ስታርቹ ሁሉ ይወጣና ሾርባው እንደ ሙጫ ይለጠጣል። ብዙ ሰው የሚያማርርበት «የሚዝለገለግ» ሾርባ ከዚህ የመጣ ነው፤ ውሃ ቢጨመርበትም ያው ቀጭን ሙጫ ይሆናል። ድንቹን በሹካ ወይም በጭልፋ ጀርባ ደፍጥጡት፣ በወንፊት ብታሳልፉት ደግሞ የበለጠ ይልማል።

የቀረውን ወደ ጆጉ ጨምሩ። ልኩ ግማሽ ነው። ገና ለብ ያለ ከሆነ ሲሶ። ትኩስ ነገር ሲፈጭ እንፋሎቱ ባንዴ ይሰፋና ክዳኑን ይወረውረዋል፤ ፊትና እጅ የሚቃጠለው በዚህ ነው። መለኪያው ምላሳችሁ ነው፤ ከሳህኑ አንድ ማንኪያ ቀምሳችሁ ያለ ችግር መዋጥ ከቻላችሁ ለመፍጫውም በርዷል። አንድ ጭልፋ መረቅ ጨምሩበት፤ ያለ ፈሳሽ ምላጩ ሥሩ ያለውን ብቻ እየቆረጠ ባዶ ይዞራል። ክዳኑ መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ መክደኛ አንሷትና በቀዳዳው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አጥፋችሁ አድርጉ፣ በእጃችሁም ያዙት። እንፋሎቱ በጨርቁ ይወጣል፣ ሾርባው አይወጣም።

ሁልጊዜ ከዝቅተኛው ፍጥነት ጀምሩ። 20 ሰከንድ በዝቅተኛ፣ ከዚያ 40 ሰከንድ በከፍተኛ። አቁማችሁ የጆጉን ግድግዳ በማንኪያ አራግፉ (ሶኬቱ ተነቅሎ) እና ግማሽ ደቂቃ ድገሙ። ብዙዎቹ የቤት ብሌንደሮች ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በላይ ያለ እረፍት እንዲሠሩ አልተሠሩም፤ ልኩ ሞተሩ ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ አለ። በየዙሩ መሃል ሁለት ደቂቃ ይረፍ። የተቃጠለ ላስቲክ ወይም የጋለ ሽቦ ከሸተታችሁ ወዲያው አጥፉት። ሽታው እስኪጠፋ እስከ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ጆጉንም ከነበረበት ግማሽ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ስለ መብራት አንድ ነገር። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ከሆነ መፍጫውን አትክፈቱት። ኃይሉ ሲያንስ ሞተሩ ያጓራል፣ በቀስታ ይዞራል፣ ይግላል፤ ብዙ ሞተር የሚቃጠለው እንዲህ ነው። እየፈጫችሁ መብራት ከጠፋ ማብሪያውን አጥፉና ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመለስ የኃይሉ መጠን ከፍ ብሎ ሊመጣ ስለሚችልም፣ ሳታስቡት እጃችሁ ምላጩ አጠገብ እያለ ሊነሣ ስለሚችልም ነው። መብራቱ በዚያው ከቀረ አትክልቱን በወንፊት ላይ በጭልፋ እየገፋችሁ አሳልፉት። በደንብ ከበሰለ ያልፋል።

መመለስና ማስተካከል

የተፈጨውን ከደፈጠጣችሁት ድንች ጋር ወደ ድስት መልሱና መረቁን በጭልፋ በጭልፋ ጨምሩ። ልኩን ለማወቅ ጭልፋውን ነክራችሁ አውጡና ጀርባውን በጣት አንድ መስመር አስምሩበት። መስመሩ ሳይዘጋ ከቆየ ልክ ነው፣ ወዲያው ከተዘጋ ቀጥኗል። ለአፍጥር የሚሠራ ሾርባ ቀጠን ቢል ይሻላል፣ የቀኑን የውሃ ጥም ይቆርጣልና። ለራት ብቻውን የሚበላ ከሆነ ግን ወፈር ያለውን ተዉት።

እንደገና ይፍላ፣ 5 ደቂቃ። ይህን አትዝለሉ። አትክልቱ በርዷል፣ በሳህን፣ በጆግና በማንኪያ አልፏል፤ መጨረሻ ላይ መፍላቱ ንጽሕናው ነው። ጨው አሁን ይስተካከል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምራችሁ ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ ቅመሱ፣ ቀሪውን በዚያ ልክ። ትኩስ ሾርባ ጨው የሌለው ይመስላል፤ ትንሽ በረድ ብሎ ሲቀመስ ነው እውነቱ የሚታወቀው። ጦስኙን በመዳፋችሁ አሽታችሁ፣ ቁንዶ በርበሬውን አዲስ ወቅጣችሁ ጨምሩና አውርዱ።

ፎሶሊያ፣ በቆሎ ወይም ቆስጣ የምትጨምሩ ከሆነ ቦታቸው እዚህ ነው፤ ከተፈጨ በኋላ። ፎሶሊያ ክር ስላለው አይፈጭም፣ በደቃቁ ተከትፎ ለብቻው ተቀቅሎ ይጨመር። ቆስጣ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ጥቅል ጎመን ከፈለጋችሁ ከዝኩኒው ጋር ይግባ፤ ረጅም ጊዜ የተቀቀለ ጥቅል ጎመን ቤቱን ሁሉ የሚያሸት መጥፎ ጠረን ያመጣል። ቀይ ሥር እዚህ ሾርባ ውስጥ አይመከርም። ሁሉንም ቀይ ያደርጋል፣ ከአረንጓዴ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጭቃ የመሰለ ቀለም ይወጣል። የቀይ ሥር ሾርባ ብቻውን ከድንችና ከሽንኩርት ጋር ይሠራ።

ጾም ባልሆነ ቀን ወተት ማስገባት ለሚፈልግ አንድ ብርጭቆ ወተት በሌላ ዕቃ አሙቆ፣ ድስቱ ከወረደ በኋላ እያማሰለ ይጨምር። እሳት ላይ እያለ ከገባ ከቲማቲሙ ጋር ይበጣጠሳል። ለረቡዕና ለዓርብ፣ ለሁዳዴም ያለ ወተት የተጻፈው እንዳለ ይበቃል፤ ምስሩ ነው አጥግቦ የሚያውለው።

ሲበላሽ

ጨው በዛ። ድንች ጨው ይስባል የሚባለው ብዙም አይረዳም፤ ድንቹ የሚወስደው እዚያው ያለውን ጨዋማ ውሃ ነው፣ የቀረው ሾርባ ጨዋማነቱ ያው ነው። መፍትሔው ጨው የሌለው ነገር መጨመር ነው፤ የተቀቀለ ካሮት ወይም ዝኩኒ ፈጭቶ መቀላቀል፣ አልያም ውሃ።

ሻካራ ሆነ። ካሮቱ አልበሰለም ማለት ነው። ደግሞ መፍጨት ብቻ አያስተካክለውም። ወደ ድስት መልሳችሁ 10 ደቂቃ ከፈላ በኋላ ፍጩት።

ቀጠነ። ክዳኑን ከፍታችሁ ይንተክተክ፣ ውሃው ይተንፍስ። ከቸኮላችሁ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ እያማሰላችሁ ጨምሩና 5 ደቂቃ ይፍላ። ደረቅ ዱቄት በሙቅ ሾርባ ላይ ከተበተነ ይጓጉላል።

ሥሩ ያዘ። አታማስሉት፣ አትፋቁት። ላይ ላዩን በቀስታ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ፤ የተቃጠለው እዚያው ይቅር። ከቀመሳችሁት በኋላ የጭስ ጣዕም ካለው አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

ፕሬዠር ኩከር ላለው

ከፍታው የሚወስደውን ሙቀት ፕሬዠር ኩከር ይመልሳል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይሞቃል። ማቁላላቱን ክፍት አድርጋችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ ካሮት፣ ምስር፣ ድንችና 1 ሊትር ከሩብ ውሃ (ትነት ስለሌለ ውሃው ያንሳል)። ምስር ስላለበት ከግማሽ በላይ አትሙሉት፣ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ይደፍነዋል። ፊሽካው ከጀመረ በኋላ እሳቱን ቀንሳችሁ 10 ደቂቃ። አጥፍታችሁ እንፋሎቱ በራሱ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ በግድ አትክፈቱት። ዝኩኒውና ቲማቲሙ ከዚያ በኋላ ክፍት ድስት ላይ 8 ደቂቃ ይብሰሉ። አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ ወደ 35 ደቂቃ ይወርዳል።

ለሕፃን

ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ከዚህ ድስት መቀነስ ይቻላል፣ በሁለት ቅድመ ሁኔታ። አንደኛ፣ ዓመት ላልሞላው ልጅ ጨው አይጨመርም፤ ስለዚህ ለሕፃን እንደሚቀነስ ካወቃችሁ ሽንኩርቱ ላይ የሚገባውንም ጨው ትታችሁ ሁሉንም መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ሁለተኛ፣ ቀጭን ሾርባ ትንሿን ሆድ በውሃ ይሞላል። የሕፃኑ ድርሻ ማንኪያው ሲዘነበል ቶሎ የማይፈስ፣ ድንቹና ምስሩ የበዛበት ይሁን። ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬም ይቅር።

ማቆየት

የበሰለ ሾርባ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይደር። ትልቅ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ መሃሉ ለሰዓታት ሙቅ ሆኖ ይቆያል፤ በጠፍጣፋ ዕቃዎች ከፋፍላችሁ፣ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ገበቴ ላይ አስቀምጣችሁ አብርዱት። ፍሪጅ ውስጥ እስከ ሦስት ቀን። መብራት ጠፍቶ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሾርባውን አትመኑት። ፍሪጅ የሌለው ቤት የዕለቱን ብቻ ይሥራ፤ መጠኑን በግማሽ ማድረግ ነው፣ ጊዜው ግን ያው ነው።

ፍሪዘር ውስጥ የምታስገቡ ዕቃውን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ሲረጋ ይሰፋል። ድንች ያለበት ሾርባ ሲሟሟ ውሃና ጠጣሩ ይለያያል፤ አልተበላሸም፣ እያሞቃችሁ በደንብ አማስሉት። ሲሞቅ ሁልጊዜ እስኪፈላ ይሁን፣ የተረፈውንም ለሦስተኛ ጊዜ አታሙቁ።

አጠባ

ጆጉን ሾርባው ሳይደርቅበት እጠቡት። ግማሽ ድረስ ለብ ያለ ውሃና ጠብታ ሳሙና አድርጋችሁ 30 ሰከንድ አዙሩት፣ ከዚያ ሶኬቱን ነቅላችሁ ምላጩንና ጎሚኒውን አውጡ። ጎሚኒው ሥር የሚቀረው ነጭ ሽንኩርት ነው በማግስቱ የሚጠጣውን የአቮካዶ ጁስ የሚያበላሸው፤ ሎሚ አሽታችሁበት ሩብ ሰዓት አቆዩትና አለቅልቁ። ለጁስና ለሾርባ የተለያየ ጎሚኒ መያዝ ከሁሉ ይሻላል። ካሮት ፕላስቲኩን ቢጫ ካደረገው በሳሙና አትድከሙ፤ ጨርቅ ላይ ጥቂት ዘይት አድርጋችሁ ጥረጉት፣ ቀለሙ በዘይት ይለቃል፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠብ። ሞተሩ ያለበት ክፍል ውሃ ውስጥ አይነከርም፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይወልወል። ጆጉን ደፍታችሁ፣ ክዳኑን ሳትገጥሙ አድርቁት።